ከሰል፣ ክረምትና ወንድ ልጅ

በአገራችን ወንድ ልጅ ምግብ የሚሠራው ሰው ሲያየው ነው። ጭስ ባጠቆረው ማድቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲቁላላ ወንድ አይገኝም፤ ቢገኝም «ደረሰ ወይ?» ሊል ነው። እሳቱ ግን ከማድቤት ወጥቶ ግቢው መሐል ይንደድ፤ ዙሪያውን ወንበር ይደርደር፤ የሚጠጣም ነገር ይቅረብ፤ ያን ጊዜ እጅጌውን ሰብስቦ መቆንጠጫ የማይጨብጥ ወንድ ማግኘት ይቸግራል። ሚስት ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ማታ የሠራችው ምግብ ነው። እሱ በዓመት አንዴ የገለበጣት ቁራጭ ሥጋ ግን ሙያ ናት፤ ፎቶ ትነሣለች፣ ለዘመድ ትላካለች፣ ዓመቱን ሙሉም ትወራለች።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። አሜሪካኖች የነፃነት ቀናቸውን በእኛ ሰኔ 27 ሲያከብሩ አገሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ሥጋ ይጠብሳል። የእነሱ ሰኔ ፀሐይ ነው፤ ሣሩ ደርቋል፣ ቀኑ ረጅም ነው፣ ሰውም ከቤት የሚወጣበትን ሰበብ ይፈልጋል። እዚያ የከረሙ ወገኖቻችን ልማዱን ሲያመጡልን ወሩንም አብረው አመጡት። እዚህ ሰኔ ምን እንደሆነ ለማስታወስ ጊዜ አልነበራቸውም። የቀረውን ዩቲዩብ አስተማረ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በነሐሴ ጎርፍ በረንዳ ላይ ተጨናንቆ፣ አንድ እጁን በጃንጥላ ሌላውን በመቆንጠጫ ይዞ «ባርቤኪው» የሚል ሰው ብርቅ አይደለም። አዋዜና ሚጥሚጣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ጣፋጭ ቀይ ስጎ ከሱፐርማርኬት በውድ ዋጋ ገዝቶ ሥጋውን ሲያለብሰው ማየትማ የተለመደ ነው። ሸክላ ጥብስ ከነፍሙ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብለት ሕዝብ ፍምና ሥጋ መገናኘታቸውን ከሰሞኑ የሰማ ይመስላል።

ለዚህ ሙያ የማይመች አገር ጥራ ብባል ኩታበርን እጠራለሁ። ከደሴ በቦሩ ሜዳ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ግድም ወጣ ብሎ የሚገኝ ደጋ ነው። ደሴ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ የጦሳ ተራራ በላከላት ጉም ስትሸፈን ትውላለች። ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የዋለ ሰው፣ ሽቅብ ተጉዞ ደሴ ሲገባ ካፖርት ያምረዋል፤ ኩታበር ሲደርስ ደግሞ ጋቢውን ካፖርቱ ላይ ይደርባል። በሐምሌ ኩታበር ላይ «ውጭ ሆነን እንብላ» የሚል ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ከባለቤቱ ጋር ተኳርፏል።

ዐረፋ ደግሞ ቀኑን የሚቆርጠው ጨረቃ አይቶ እንጂ ዝናብ አይቶ አይደለም። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ግድም ስለሚያንስ በዓሉ ወቅቶቹን ሁሉ ተራ በተራ ይጎበኛቸዋል። በ2011 ነሐሴ 5 ቀን ዋለ፤ በ2012 ሐምሌ 24፤ በ2013 ሐምሌ 13፤ በ2014 ሐምሌ 2፤ በ2015 ሰኔ 21። እነዚያን ዓመታት የደጋው ሙስሊም በጉን ያረደው ጭቃ ላይ ቆሞ ነው። በ2017 በዓሉ ግንቦት 29 ላይ ሲደርስ ነው አራጁ እግሩ ደረቅ መሬት ያገኘው።

ከእነዚህ ሁሉ የማልረሳው የ2014ቱን ነው። «ከኢድ እስከ ኢድ» በሚለው ጥሪ በውጭ የሚኖሩ ሙስሊም ኢትዮጵያውያን ከዒድ አልፈጥር እስከ ዐረፋ አገራቸው ገብተው እንዲያከብሩ ተጋብዘው ነበርና ብዙ ቤት እንግዳ ገባበት። የሰሜኑ ጦርነት ከደሴና ከአካባቢው ከራቀ ገና ሰባት ወር ያህሉ ነበር፤ ሰው ዘመዱን በዓይኑ ካላየ የሚያምን አልነበረም። እኔ በጎረቤትነት የተጠራሁበት የኩታበር ቤትም ከቨርጂኒያ የመጣ የእህት ልጅ ነበረው። ሻንጣው ሲከፈት ለአክስቱ ሻሽና የመገጣጠሚያ መድኃኒት ወጣ፤ ለልጆቹ ጫማ ወጣ፤ ለራሱ ደግሞ ክንድ የሚያህል መቆንጠጫ፣ የሥጋ ቴርሞሜትርና ኪሱ የበዛ የወጥ ቤት ሽርጥ ወጣ። አክስቲቱ ሽርጡን አገላብጣ አየችውና «ደግ አደረግህ ልጄ፤ ዕቃ ልታጥብልኝ ነው» አለች።

መጥበሻው በሻንጣ አይገባምና ልጁ ኮምቦልቻ ወርዶ አንድ ብየዳ ቤት ገባ። በስልኩ ያሳየው ሥዕል ክብ፣ ክዳን ያለው፣ ባለ ሦስት እግር መጥበሻ ነበር። ይኼ መጥበሻ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ አካባቢ የብረታ ብረት ሠራተኛ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን፣ ለመርከብ ምልክት ውሃ ላይ ከሚንሳፈፉት የብረት ኳሶች አንዱን ለሁለት ቆርጦ፣ ለታችኛው እግር፣ ለላይኛው እጀታ አበጀለት። የተለመደው ክፍት መጥበሻ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሥጋውን አመድ ስለሚያለብስበት ተማሮ ነው። የሰውየው ብልሃት እንግዲህ ክዳኑ ላይ ነው፤ የቀረው የብረት ገንዳ ነው።

ብየዳው ላይ ድርድር ተደረገ። በርሜል ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የፌሮ እግር ተበየደለት፤ ሥጋው የሚደረደርበትም ፌሮ ተሰደረ። ስለ ክዳኑ ሲነሣ በያጁ ዋጋ ጨመረ። የቨርጂኒያው ልጅ ትንሽ አሰበና «ይቅር፤ ሰው ሥጋው ሲጠበስ ማየት አለበት» አለ። ከሥር አየር የሚያስገባ ቀዳዳም መበሳት ነበረበት፤ እሱን ግን ማንም አላነሣውም። በያጁ በምትኩ ለውበቱ ተጨነቀና ከእግሩ እስከ ጠርዙ፣ መደርደሪያውንም ሳይቀር ቀይ አንቲረስት ቀባው። እውነትም ያምር ነበር።

ያ ዕቃ ሚኒባስ ጣራ ላይ ታስሮ ሽቅብ ደሴ፣ ከደሴ ኩታበር ሲገባ ያየው ሁሉ ገመተ። አክስቲቱ በር ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራስ ቃኘችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አላህ ይስጥህ ልጄ! ላሚቱ ውሃ የምትጠጣበት ገንዳ አልነበራትም» አለች። ማስረዳቱ ጊዜ ወሰደ። ካስረዳም በኋላ ለላሚቱ አለመሆኑ ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

የዐረፋ ዕለት ሰላቱ ተሰግዶ፣ በጎቹ ታርደው፣ ከሦስት አንዱ ለድሃ፣ አንዱ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ለቤት ተብሎ ሲከፋፈል ረፋድ ሆነ። ማድቤት ውስጥ ጉበቱ ወዲያው ተጠብሶ ሕፃናቱና ሽማግሌዎቹ ቀምሰዋል፤ ዱለቱ ተከትፏል፤ የወጡ ሽንኩርት ከማለዳ ጀምሮ እየተቁላላ ነው። የኋላ እግሩ ጣራው ሥር ተሰቅሏል። የቨርጂኒያው ልጅ የፈለገው ያንኑ የተሰቀለውን ነው።

«ገና ነው» አለች አክስቲቱ።

ምን ማለቷ እንደሆነ እሱ አልገባውም፤ እሷም አላብራራችም። የታረደ በግ ጡንቻ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይገተራል፤ ለስለስ የሚለው አድሮ ነው። በዚያ መሐል ፍም ላይ የወጣ ጭን ጥርስ ይፈትናል። የበዓሉ ዕለት ጉበትና ዱለት የሚበላው፣ ጭኑ ለነገ ተሰቅሎ የሚያድረው፣ ወጡም እስኪሰለች ድረስ የሚንተከተከው ለዚህ ነው። ሥርዓቱ የዘፈቀደ ቢመስልም ከሥጋው ጠባይ ጋር ተማክሮ የተሠራ ነው። ልጁ ግን «እኛ ጋ በደንብ ይታሻል» ብሎ እግሩን አወረደው።

ሲታሽ አየሁ። ማለቴ፣ ሲያሳሽ አየሁ። ሥጋውን ያጠበችው አንዷ የአክስት ልጅ ናት፤ ከአጥንቱ የለየችው ሌላዋ ናት፤ ነጭ ሽንኩርት የወቀጠችው ሦስተኛዋ ናት። የጥብስ ቅጠል ጎረቤት ሄደው ያመጡት ትንንሾቹ ናቸው። ትሪ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ቢላ፣ የእጅ ውሃ፣ ፎጣ፣ ድጋሚ ቢላ፣ ሁሉም ከማድቤት ወደ በርሜሉ በሴቶች እግር ተመላለሰ። እሱ ሽርጡን አጥልቆ ቆሟል። ለአንድ ሰው መጥበስ ስድስት ሰው ሲሠራ ነበር፤ ቢሆንም ቆይቶ ምግቡን «እሱ ሠራው» መባሉ አልቀረም።

እሳቱ አልያዝ አለ። ከሰሉ ከኮምቦልቻ የመጣ ጥሩ የግራር ከሰል ነበር፤ ግን ሌሊቱን ጣራ በሚያፈስበት ጥግ አድሮ ረጥቧል፤ በርሜሉም ከሥሩ አየር አያስገባም። የአክስቲቱ የቆርቆሮ ምድጃ እንኳ ከሆዷ በታች በር አላት። መጀመሪያ በካርቶን ተራገበ። ቀጥሎ ላምባ ተጨመረበት፤ ነደደ፣ ግቢውን በሽታው ሞላ፣ ጠፋ። ሦስተኛው ሐሳብ ከከተማው ወገን የመጣ ነው፦ ፀጉር ማድረቂያ። ኤክስቴንሽን ከሳሎን እስከ ግቢ ተዘረጋ፤ ፀጉር ማድረቂያው ተሰካ፤ ከሰሉ እውነትም ቀላ፤ ጭብጨባም ተሰማ። ወዲያው መብራት ሄደ። ያኔ ከማድቤት አንዲት ልጅ በአካፋ ፍም ዝቃ መጥታ ምንም ሳትናገር በርሜሉ ላይ ገለበጠችና ተመለሰች። እሳቱ በዚህ ያዘ። ጭብጨባው ግን ለሷ አልደረሳትም።

እሳቱ ሲይዝ አንቲረስቱ መፍላት ጀመረ። ፌሮው ላይ ቀዩ ቀለም ኩፍ ኩፍ እያለ፣ እየፈነዳ፣ እየጠቆረ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ሰደደ። ወንዶቹ አንድ እርምጃ ሸሹ። ከሽማግሌዎቹ መካከል የነበሩት ሐጂ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው «ይኼ ነገር ሐላል ቢሆንም ጤና አይደለም፤ ቀለሙ ተቃጥሎ ይለቅ» ሲሉ ፈረዱ። ሥጋው ትሪ ላይ ተሸፍኖ ይጠብቅ ተባለ።

በዚህ የዕረፍት ጊዜ ነው ቴርሞሜትሩ የወጣው። ልጁ የበግ ሥጋ ውስጡ 145 ሲደርስ እንደሚነሣ ለታዳሚው አስረዳ። የአሜሪካ መንግሥት የሚመክረው ይኼንኑ ነው፤ በፋራናይት ነው እንጂ፤ በእኛ 63 ዲግሪ ማለት ነው። ሐጂ «145 ምኑ ነው? ብሩ ነው?» አሉ። «በዚህማ ዋጋ በግ የለም።» ልጁ መሣሪያው እንደሚሠራ ሊያረጋግጥላቸው ፈለገና የሻይ ውሃ አስፈልቶ ነከረው፤ የፈላ ውሃ 212 ማሳየት አለበት። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣና ከ200 በታች ላይ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፤ ቁጥሩ አይነቃነቅም። አራገፈው፣ ባትሪውን አወጣና መለሰው፣ ደግሞ ነከረው። «ተበላሽቷል፤ መንገድ ላይ ተጋጭቶ ነው» ብሎ ወሰነ።

አልተበላሸም። 212ቱ ባሕር ጠለል አጠገብ ላለ ሰው ነው። ከፍ እያልክ ስትሄድ አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል፤ ደሴ ከፍታ ላይ ከ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ አይርቅም። የኩታበር ውሃ ፈልቷል፤ ፈላ ማለት ግን ቨርጂኒያ ላይ ያለውን ያህል ጋለ ማለት አይደለም። ይኼን አክስቲቱ ያለ ቴርሞሜትር ታውቀዋለች። ኮምቦልቻ የተዳረች ልጇ ጋ ባቄላ ቶሎ እንደሚበስልላት፣ እዚህ ግን ከማገዶ ጋር ሲያታግላት እንደሚውል ለሰማት ሁሉ ስትናገር ኖራለች። መሣሪያው እውነቱን ስለተናገረ ሳጥኑ ውስጥ ተመልሶ ተዘጋበት።

ቀለሙ ሲለቅ የበርሜሉ ጉባኤ ተጀመረ። እሳት ዙሪያ የቆመ ወንድ ሁሉ አስተያየት አለው፤ ማድቤት ውስጥ አንድም ቀን ያልነበረው አስተያየት። አንዱ ፍሙ ወደ ግራ ይሰብሰብ ይላል፤ አንዱ አመድ ይልበስ ይላል፤ አንዱ ጅዳ የሠራ ነው፣ ዐረቦቹ በሽቦ ሰክተው ነው ይላል፤ አንዱ ደሴ ፒያሳ የሚያውቀውን ሥጋ ቤት ያነሣል። ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ እንኳ አንድ ውሳኔ ላይ ደርሷል። (ያ ውሳኔ ለወሎ ሙስሊም ያስከተለውን እዚህ ማንም አይቀልድበትም።) የበርሜሉ ጉባኤ ግን ፍሙ ወደየት ይሰብሰብ የሚለውን ሳይቋጭ ወደ ከባዱ አጀንዳ ተሻገረ።

ከባዱ አጀንዳ እኛ ነበርን፤ የክርስቲያን ተጋባዦቹ። ወሎ ውስጥ ዝምድናው፣ ዕድሩ፣ ሠርጉና ለቅሶው አንድ ሆኖ ሳለ ቢላው ለየብቻ ነው፤ እስላሙ የእስላሙን፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያኑን ሥጋ ይበላል። ይኼ አያጣላም። ለበዓሉ አንድ ሙክት ከነነፍሱ ለክርስቲያን ጎረቤት ይላካል፤ እዚያው ይታረዳል፤ በዚያው ቤት ዕቃ ይሠራል፤ ገበታው ሲቀርብ የማን ትሪ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። የሴቶቹ ሥርዓት ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ትሪ ነው፤ ሲሠራበትም ማንም ልብ አይለውም። የቨርጂኒያው ልጅ ያመጣው መጥበሻ ግን አንድ ነው።

እሱም መፍትሔ አላጣም። አንድ ትርፍ ፌሮ አንሥቶ መሐል ላይ አጋደመው። «በዚህ በኩል የእኛ፣ በዚያ በኩል የእናንተ» አለ። ሐጂ ፌሮውን አዩት፣ ልጁን አዩት። «አብሽር ልጄ፤ ሐሳብህ ጥሩ ነው» አሉ፤ «ጮማው ግን ሲቀልጥ ድንበር አያውቅም።» ከእኛ ወገን የነበሩት ጋሼም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዚህ ነጥብ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፍጹም ተስማምተዋል። ተራ ይሁን ተባለ፤ መጀመሪያ የማን? «እንግዶቹ ይቅደሙ» አሉ ሐጂ። «ኧረ በአላህ! በዓሉ የእናንተ ነው፣ እናንተ ቅደሙ» አሉ ጋሼ። «አይሆንም!» «ሞቼ ነው ቆሜ!» ይህ መከባበር እንደ ወጉ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ፍሙ አመድ ለበሰ። ሁለቱ ትሪዎች ግራና ቀኝ ተሸፍነው ተፋጥጠዋል።

«ቢያንስ ፎቶ እንነሣ» አለ ልጁ። አንድ ጥሬ ቁራጭ በመቆንጠጫው አንሥቶ፣ ፌሮውን ሳያስነካ አየር ላይ ያዘው፣ ፈገግ አለ። የአክስት ልጅ በስልክ አነሣችው። ቁራጩ ወደ ትሪው ተመለሰ።

ያኔ ጦሳ በኩል ጠቆረ። እዚያ አገር ዝናብ ሲመጣ ሰው ይሰማዋል፤ መጀመሪያ ከሩቅ ያሉት ቆርቆሮዎች ያንኳኳሉ፣ ቀጥሎ የቅርቦቹ። ሴቶቹ በሁለተኛው ማንኳኳት ልብሱን ከገመድ አውርደው፣ ትሪዎቹን አንሥተው፣ ማድቤት ገብተው ነበር። ወንዶቹ ገና ወደ ሰማይ እያዩ «ያልፋል» ይባባላሉ። በረዶ ነበር። ክዳን የሌለው በርሜል ውስጥ ፍሙ አንዴ ፉጨት አሰማ፣ ነጭ እንፋሎት ወጣ፣ አለቀ። ከሥሩ ቀዳዳ ስለሌለው ውሃው መውጫ አጣ፤ ጥቁር ውሃ፣ ከሰልና በረዶ በፌሮው መሐል እየተንሳፈፈ በርሜሉ ሞላ።

ልጁ ግን እጅ አልሰጠም። በሽርጡ ራሱን ሸፍኖ ማድቤት ሮጠና «ብረት ምጣድ ላይ እንሥራው! እኛ ጋ ግሪድል ነው የሚባለው፣ እንዲያውም ይሻላል» እያለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ትንሽ ምጣድ አወረደ። ቀኑን ሙሉ አንዴም ድምፅዋን ያላነሣችው አክስት ያን ጊዜ ጮኸች።

«አስቀምጥ! የቡናዬን!»

በርሜሉን ታግሣለች። ላምባውን ታግሣለች። ያለ ጊዜው የወረደውን ጭን፣ የሄደውን መብራት፣ የጸጉር ማድረቂያውን ነገር ሁሉ ታግሣለች። የቡና መቁያ ምጣድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሥጋ የነካው ምጣድ ላይ የተቆላ ቡና ሥጋ ሥጋ ይላል፤ ሥጋ ሥጋ የሚል ቡና ላይ ደግሞ ዱዓ አይደረግም። ወሎ ውስጥ ብዙ ነገር ይቀለዳል፣ በቡና ግን አይቀለድም። ምጣዱን ከእጁ ተቀብላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ወደ ቦታው መለሰችው። ቀጥላም ሽርጡን አውልቆ ሽንኩርት እንዲልጥ አዘዘችው። ላጠ። የዚያን ቀን የሠራው ብቸኛ ሥራ ያ ነው፤ ፎቶ ግን አልተነሣም።

ጥብሱ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። የእኛው ትሪ ከነባለቤቶቹ ዝናቡን ተሻግሮ ወደ ጋሼ ቤት ማድቤት ሄደ፤ የነሱ እዚያው ቀረ። አክስቲቱ ጭኑን ወደ ጣራው መለሰችውና ሽንጡንና ጎድኑን አነሣች። የወሎ በግ ላቱ አጭርና ወፍራም ነው፤ ከላቱ ትንሽ ቆርጣ መጥበሻው ላይ አቀለጠች፤ ሥጋውን በጨርቅ አደረቀችው፤ እፍኝ እፍኝ እያደረገች ብቻ ጨመረችው። አንዴ ቢከመር ውሃ ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ልጁ ሽንኩርቱን እየላጠ፣ እንባውን እየጠረገ፣ ሥጋ ሲጠበስ ለምን እንደሚጠይም ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1912 ስለደረሰበት ነገር ይተርክልን ነበር። ትረካው ሳያልቅ ጥብሱ ቀረበ። ጠይሟል።

ቡናው በመጨረሻ ተፈላ። ሐጂ ስኒውን ተቀብለው «ጀባ!» ሲባል «መርሐባ!» አሉና ዱዓ አደረጉ፤ ለአገሩ ሰላም፣ ለሞቱት ምሕረት፣ ለመንገደኛው በደህና መግባት፣ ከሁሉ በላይ ለዝናቡ። አድማጩ ሁሉ ከልቡ አሚን አለ። ጤፉና ስንዴው ይፈልገዋልና በሐምሌ ዝናብ የሚያማርር ገበሬ የለም። ከሰል ያቀጣጠለ ሰው ብቻ ነው የሚያማርረው።

ፎቶው ማታውኑ መብራት እንደመጣ ተለቀቀ። ቨርጂኒያ ያሉ ጓደኞቹ፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቹ፣ ጅዳ ያሉ የአክስት ልጆቹ «ማሻአላህ!» «ወንድ እንደዚህ ነው!» «ከሩቅ ሸተተኝ!» እያሉ ሲጽፉለት አመሹ። ጥሬ መሆኑን ያየ የለም። ልጁም እያንዳንዱን «አመሰግናለሁ» እያለ በትሕትና መለሰ።

እንግዳው በሰላም ወደመጣበት ተመለሰ፤ በርሜሉ ግቢው ውስጥ ቀረ። አክስቲቱ ፌሮውን አንሥታ ለዶሮ ቤቱ በር አደረገችው። አመዱንና ከሰሉን ጠርጋ ካወጣች በኋላ ላሚቱ በማግሥቱ ቀርባ አሸተተችው፤ ጠጣች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ገንዳ እምቢ አለች ይባላል።

ነሐሴ 16 ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ የጋሼ ቤት ተራ ሆነ። የእነሱም ልጅ ከአዲስ አበባ ገብቷል፤ እሱም ቪዲዮ አይቷል፤ እሱም ደጅ ሆኖ ካልጠበስኩ ብሏል። እናቱ አጥሩ ጋ ቆማ ዕቃውን እንድታውሳት አክስቲቱን ለመነች። ከለመነችም በኋላ ትንሽ ዝም አለች፤ የሚጠየቅ ነገር አለና፣ መጠየቁም ያሳፍራልና፣ ነጠላዋን እያስተካከለች «እንደው እህትዓለም… የእናንተ ሥጋ ነክቶታል?» አለች።

«ወላሂ ሥጋ የሚባል አልነካውም!» አለች አክስቲቱ። «ዝናብ ብቻ ነው የተጠበሰበት። ውሰጂው፤ ላሚቱን ግን አንቺው አስፈቅጂ።»